እትዬ ደብሪቱ ያላለቀሱት ለቅሶ

እትዬ ደብሪቱ ማረፋቸውን የሰማሁት ራቤል ከተማ ነው፣ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ። ከአገራችን ከዘመሮ የተደወለልኝን ስልክ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት። በሦስተኛው ወደ ውጭ ወጥቼ ሳነሳው ጎረቤታቸው «እትዬ ዐረፉ። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው» አለኝ። የአዳራሹን አጥር ይዤ ቆምኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ እሳቸው ደግሞ ውሸት አይወዱም። መጀመሪያ የመጣብኝ «አሁን ለእሳቸው ማን ያለቅሳል?» የሚል ጥያቄ ነው። ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነበር። ያ ማሽን ያለቅስላቸው እንደሆነስ?

እትዬ ደብሪቱ ሙሾ አውራጅ ነበሩ። በእኛ በመንዝ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ እድሩ ይሰበሰባል፣ ካህናቱ ፍትሐቱን ያደርሳሉ። ለቅሶው ግን ለቅሶ የሚሆነው አንድ ሰው መሐል ቆሞ የሟቹን ኑሮ በግጥም ሲያወርደው ነው። ለቀስተኛው ሁለተኛውን ስንኝ እየተቀበለ ደረቱን ይመታል። በዘመሮ ዙሪያ ሠላሳ ዓመት ያህል መሐል የቆሙት እሳቸው ናቸው። ማንም ከፍሏቸው አያውቅም፤ እሳቸውም ሥራ ብለው ጠርተውት አያውቁም። «መሸኘት ነው» ይሉ ነበር፣ በቃ።

አጭር ናቸው፣ ቀጭን ናቸው፣ ክረምት ከበጋ ከትከሻቸው የበግ ጠጉር ባና አይወርድም። ሲያወሩ ድምፃቸው ሻካራ ነው፤ ገበያ ላይ ጨው ሲጠይቁ የሰማቸው እንግዳ አገሩን ሁሉ የሚያስለቅሱት እኚህ ናቸው ቢሉት አያምንም። እጃቸው ከእንዝርት አይለይም። መንገድ ሲሄዱ፣ ሰው ሲያነጋግሩ፣ እድር ስብሰባ ላይ ተቀምጠው ሳይቀር የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። ውሸት የሰሙ እንደሆነ እንዝርቷን በአውራ ጣታቸው ያዝ ያደርጓታል። አይናገሩም፣ ፊታቸውም አይለወጥም፤ እንዝርቷ ብቻ ቀጥ ትላለች። ተናጋሪው ያንን ካየ በኋላ ወሬውን እንደ ምንም ጨርሶ ውኃ ይጠይቃል። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ አስቁሜያታለሁ።

ለቅሶ ቤት ሲደርሱ መጀመሪያ ወደ ቤተሰቡ ጠጋ ብለው «ምን ነበረ? እውነቱን ንገሩኝ» ይላሉ። ያልተነገራቸውን አያወርዱም፤ የማያምኑትን ደግሞ ቢነገራቸውም አያወርዱትም። አንድ ጊዜ በክፋቱ የታወቀ ሰው ሞቶ ልጆቹ «ደግ ነበር ይበሉልን» ብለው ለመኗቸው። እሳቸው ግን «ምን ይወድ ነበር?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ልጅ አፍሮ «በቅሎውን» አለ። ያን ቀን ስለዚያች በቅሎ ነው ያለቀሱት፤ ጧት ጧት ሲያሻሻት፣ ሳሩን በእጁ ሲያበላት፣ አሁን በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀው። ሰውዬውን ሲረግሙት የኖሩ ጎረቤቶቹ ሁሉ አነቡ። ስንመለስ አንዷ ሴትዮ «ምነው በሕይወቱ እያለ እንዲህ አድርገን ባየነው» ስትል ሰምቻለሁ።

አባቴ ሲሞት እኔንም ጠይቀውኛል። «ደግ አባት ነበር» አልኩ። «እሱን ለሌላ ሰው ንገር» አሉኝ። አፈርኩ፤ እሳቸው ጠበቁኝ። ከዚያ ተቀብሮ የኖረ ነገር ወጣልኝ። ልጅ ሳለሁ ታምሜ አባቴ በጀርባው አዝሎኝ ከሰፈራችን እስከ ሐኪም ቤት ወስዶኛል። ግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሲያወርደኝ ያለኝ «ከበድክ» ብቻ ነው። እትዬ ደብሪቱ ራሳቸውን ነቀነቁና መሐል ገብተው ያቺን አንዲት ቃል ይዘው አለቀሱ፤ ያኔ ልጁ የከበደው አባት ዛሬ ልጁን እንዴት እንደሚከብደው። አባቴን ያወቅሁት ያን ቀን ነው ብል ማጋነን አይደለም። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድ ቀን ቤታቸው ሳልደርስ አልቀርም ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ ያጠፋሁት።

የምሠራው በባህል ጉዳይ ነው፤ ዘፈኑን፣ ተረቱን፣ ሽለላውን እየዞርኩ መመዝገብ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ አንድ ድርጅት መጣ። «የሚጠፉ ድምፆችን እናስቀራለን» አሉን። ማይክሮፎናቸው ጥሩ፣ መኪናቸው አዲስ፣ ልጆቹ ጨዋዎች። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ስንት ዓመት በአሮጌ ስልክ ስቀዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። በቀጥታ እትዬ ደብሪቱ ቤት ወሰድኳቸው።

እትዬ እምቢ አሉ። «ማን ሞተ?» አሉ መጀመሪያ።

«ማንም አልሞተም እትዬ፣ ለማስቀረት ነው።»

«ሰው ሳይሞት ሙሾ አይወርድም። በቁም ላለ ሰው ካለቀሱ እርግማን ነው። ይኼንን አንተ አታውቅም?»

አውቃለሁ። ድርጅቱ ግን በማግስቱ ሊመለስ ነው። ተቀምጬ ለመንኳቸው፤ የልጅ ልጆቻችን የት ይሰሙታል፣ እርስዎ ሲያልፉ አብሮ ይጠፋል አልኩ። እየፈተሉ ሰሙኝ። ከዚያ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡና አንድ ሰማያዊ ሹራብ ይዘው ወጡ።

የየሺ ሹራብ ነበር። የሺ አንድ ልጃቸው ናት። አረብ አገር ሄዳ በሁለተኛ ዓመቷ መሞቷ ተነገራቸው፤ አስከሬኗ አልመጣም። አስከሬን በሌለበት በሟቹ ልብስ ላይ ማልቀስ የአገሩ ወግ ነው። እትዬ ደብሪቱ ግን ለሰው ሁሉ ሲያለቅሱ ለየሺ አላለቀሱም ነበር። ሹራቡን አልጋው ላይ ዘረጉት፣ እጅጌዎቹን አስተካከሉ፣ «በሉ ክፈቱት» አሉ። ሦስት ሰዓት ያህል አለቀሱ። መሐል ላይ «የሺዬ» ሊሉ ሲሉ ትንፋሻቸው ቁርጥ ትልና እንደገና ትቀጥላለች። ማይክሮፎን የያዘችው ልጅ እንባዋን በትከሻዋ እየጠረገች ቀዳች።

ሲያበቃ ወረቀት አወጡ። ስድስት ገጽ ነው። እትዬ ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ሊነበብላቸው ይገባል፣ አንባቢው ደግሞ እኔ ነኝ። እዚያ ስንደርስ ቢሮው ሊዘጋ ነው፣ የሰዎቹ መኪና ሞተሩ ተነስቷል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩላቸው፤ ቅርስ ስለመጠበቅ ነው የሚያወራው።

«ሌላው ምን ይላል?» አሉኝ።

«ያው ነው፣ እትዬ።»

አረጋጋጩ «ተነቦላቸዋል?» ሲለኝ «አዎ» አልኩ። እትዬ ደብሪቱ እኔን አዩና አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫኑ። በዚያች ሰዓት እንዝርቷ ብብታቸው ውስጥ ነበረች።

ሁለት ዓመት ያህል ምንም አልሰማንም። ከዚያ አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጬ ጎረምሶች በስልክ ሙሾ ከፍተው ሲሳሳቁ አገኘኋቸው። ለተሸነፈ የኳስ ቡድን የወረደ ሙሾ ነው። ግጥሙ ቀልደኛ ነው፤ እኔም ሳቅሁ። አዎ፣ ሳቅሁ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሹ ቁርጥ አለ። ያቺን ትንፋሽ የት እንደሰማኋት ሳውቅ ብርጭቆውን ከእጄ አስቀመጥኩ። እንዴት ነው ይኼ ብዬ ብጠይቃቸው አሳዩኝ። ስም ትጽፋለህ፣ ስለ ሰውዬው የፈለግኸውን ትጽፋለህ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ግጥሙን ራሱ ገጥሞ «የመንዝ እናት» በሚሉት ድምፅ ያወርድልሃል። ለተሰበረ ስልክ፣ ለወደቁበት ፈተና፣ ለከዳች ፍቅረኛ፣ ለሁሉም። እትዬ ደብሪቱ ለልጃቸው ያለቀሱት ለዚህ ሁሉ ሆነ።

ለእሳቸው ልነግራቸው ድፍረት አጣሁ። ሳልነግራቸው ሌላ ነገር ነገራቸው።

ዘመሮ ውስጥ ጋሽ ተሰማ የሚባሉ የወፍጮ ባለቤት ነበሩ፤ ልባቸው የታመመ፣ ቶሎ የሚቆጡ ሽማግሌ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ አንዱ ቀልደኛ ስማቸውን ጽፎ በቁማቸው ሙሾ አወጣባቸው። ከስልክ ስልክ ዞሮ በገበያ ቀን ወፍጮ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተከፈተ። ወረፋ የያዘው ሰው መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቀ። ጋሽ ተሰማ ድምፁን ያውቁታል፤ የሚስታቸው ለቅሶ ላይ ሰምተውታል። ዱቄት እንደለበሱ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሞቱ።

እትዬ ደብሪቱ ቀብሩ ላይ ሊያለቅሱ ሄዱ። የጋሽ ተሰማ ልጅ ዓለምነሽ ድንኳኑ በር ላይ ቆመች። ዓለምነሽ ሻይ ቤት ያላት፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሰው የምትወድ ሴት ናት።

«ወዴት ነው?» አለቻቸው።

«አባትሽን ልሸኝ ነዋ ልጄ።»

«አባቴን በቁሙ አልቅሰውበት፣ አሁን ምን ቀረዎት?»

«እኔ? እኔ መቼ…»

«ድምፅዎ አይደለም? አገር ሰምቶታል እኮ! ማሽን ነው ይሉኛል። ማሽን ጉሮሮ አለው?»

እትዬ ደብሪቱ ያኔ ነው ሙሉውን የሰሙት፤ አንድ ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ እዚያው በሩ ላይ አስደመጣቸው። ስለ ሕያው ሰው ሲያለቅሱ ራሳቸውን አዳመጡ። ትንፋሿ ቁርጥ ስትል ባናቸውን ጥብቅ አድርገው ያዙና ዞረው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለቅሶ የሚጠራቸው ጠፋ። የሚወዷቸው ሰዎች ሳይቀሩ «ምናልባት» ማለት ጀመሩ። ሰው በታመመበት ቤት ደጃፍ ሲያልፉ በር ይዘጋል። እሳቸውም አልተቆጡም፤ እንዲያውም ይህ ነው አንጀቴን የሚበላው። «እውነት ነው፣ ድምፁ የኔ ነው» አሉኝ። «ሌላ ሰው ቢሆን እኔም በሬን እዘጋ ነበር።» ማሽኑንም ስም አወጡለት፤ «ሞክሼዬ» ይሉታል።

አንድ ጠዋት ቢሮዬ መጡ። «ክሰስልኝ» አሉ። «ብር አልፈልግም። ያንን ያለችው እኔ አለመሆኔን ዳኛ ይናገርልኝ፣ ሞክሼዬንም ዝም ያሰኝልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ማመልከቻ ጻፍን። በችሎቱ ቀን የድርጅቱ ጠበቃ መጣ። ዳኛዋ ወጣት ናት፤ ፊቷ ላይ ማዘኗ ይታያል። «እትዬ፣ ሕጉ የተቀረጸ ድምፅን ያውቃል» አለች። «ያለቀሱትን ቀድቶ ያለ ፈቃድዎ ያሰራጨ ቢሆን የምጠቅሰው አንቀጽ አለኝ። ይኼ ግን እርስዎ ያሉትን አልቀዳም። እርስዎ ያላሉትን ነው በድምፅዎ የሚለው።»

«እኔስ ምን አልኩ? ያላልኩትን አላልኩም ልል ነው የመጣሁ።»

ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ጠበቃው ተነስቶ ውሉን አነበበ፤ አምስተኛው ገጽ ላይ ድምፁን አሁን ባለም ሆነ ወደፊት በሚፈጠር ማናቸውም ቴክኖሎጂ ማባዛት፣ መለወጥና አዲስ ሥራ መፍጠር እንደሚቻል ይላል። እኔ ያንን ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት እዚያ ነው።

«ይኼ ሰነድ የጸናው ለእርስዎ ሙሉው ተነቧል በሚል ነው» አለች ዳኛዋ ቀስ ብላ። «አልተነበበም ካሉ ነገሩ ሌላ ነው። ሁሉንም ከሥሩ እናየዋለን፣ ያነበበልዎትም ሰው ይጠየቃል። እትዬ፣ በደንብ ያስቡት። ተነቦልዎታል?»

በሩ ተከፈተ ማለት ነው። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነኝ። መነሳት ነበረብኝ። «አላነበብኩላቸውም፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። እግሬ አልታዘዘኝም ልበል? አይ፣ እግሬ ደኅና ነበር። የፈራሁት ለእንጀራዬ ነው።

እትዬ ደብሪቱ ዞረው አዩኝ። ከዚያ ወደ ዳኛዋ ተመልሰው «ተነቦልኛል» አሉ።

እንዝርቷን በር ላይ ያለው ፖሊስ ተቀብሏቸው ነበር። እጃቸው ባዶ ነው። አውራ ጣታቸው ግን ባዶውን ጭምቅ አድርጋ ስትይዝ አየሁ።

ከግቢው ስንወጣ «ለምን እትዬ? ለምን?» አልኳቸው። «ሦስት ልጆች አሉህ» አሉ። «ከሥራህ ብትወጣ የት ትገባለህ? እኔ አንድ የቀረኝን ሰው አሳስሬ ድምፄን ምን አደርገዋለሁ?» ፖሊሱ የመለሰላቸውን እንዝርት እስከ ቤታቸው ድረስ ሳይፈትሉ ይዘዋት ሄዱ። እድሜ ልካቸውን አንድ ውሸት ያልወጣቸው ሴት ስለ እኔ ዋሹ። እኔም አስዋሸኋቸው።

ያቺ ዳኛ ግን ነገሩ አልለቀቃትም። ከወራት በኋላ ደውላ ነገረችን፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚዲያና በባህል ሥራ ላይ እንዴት ይመራ የሚል ረቂቅ እየተዘጋጀ ነው፣ ደብረ ብርሃን ላይ የሕዝብ አስተያየት ይሰበሰባል አለች። በማለዳው አውቶቡስ ሄድን። አዳራሹ ሙሉ ነው። ከላይ የመጡት ባለሙያ ግድግዳው ላይ ጽሑፍ እያበሩ አንቀጽ በአንቀጽ አስረዱ፤ ማሽን የሠራው ሥራ ማሽን እንደሠራው ምልክት ይደረግበት፣ የሰው ድምፅና መልክ ሲወሰድ ፈቃዱ በግልጽ ይሁን። ደግ ነገር ነው። እትዬ እጃቸውን አወጡ። ሦስት ደቂቃ ተሰጣቸው።

«እኔ ስለ ማሽን አላውቅም» አሉ። «ስለ ለቅሶ ልንገራችሁ። እኔ ለቅሶ ላይ ብዋሽ ሰው ያየኛል። በማግስቱ ገበያ ላይ ያገኘኛል፤ አንቺ ደብሪቱ፣ ትናንት ያልሽው ሐሰት ነው ይለኛል፤ አፍራለሁ። ሞክሼዬ ስትዋሽ የት ትገኛለች? በየትኛው ገበያ? በቁሙ ላለ ሰው አለቀሰች፤ ሰውዬው ሞተ፤ ልጁ የመጣችው እኔ በር ላይ ነው። ሌላ በር የለማ! እንግዲህ ሕጉን ስትጽፉ ይችን ብቻ ጻፉልኝ፤ የሚያለቅስ ሁሉ ቤቱ ይታወቅ።»

ተጨበጨበላቸው። ባለሙያው «በጣም ጥሩ ግብአት ነው እናታችን፣ ይዘነዋል» ብለው ጻፉ። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ «ግብአት ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ረቂቁ ላይ የሚጨመር ነገር ነው።»

«እንደ ጨው?»

«እንደ ጨው።»

«እንግዲያ ወጡ ሲደርስ እንቀምሰዋለና» ብለው ሳቁ። ከጋሽ ተሰማ ሞት ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ወጡ አልደረሰም። እሳቸው ቀደሙ። ከመሞታቸው በፊት ባለው ወር ሄጄ ነበር፤ አልጋ ላይ ናቸው፣ እንዝርቷ መስኮቱ ላይ ተቀምጣለች። ድምፃቸው በጣም ደክሟል፤ ጠጋ ብዬ ነው የሰማኋቸው። «እኔ ስሞት ማንም ባያለቅስልኝ ግድ የለኝም፤ የመጣው ይምጣ፣ የቀረው ይቅር» አሉ። «ሞክሼዬ ግን እንዳታለቅስልኝ። አደራ። አንተ ነህ ያመጣሃት፣ አንተ መልስልኝ።» እሺ አልኩ። የዚያን ዕለት ብቻ ነው በወረቀቱ ነገር የወቀሱኝ፤ እሱም ወቀሳ ከሆነ።

ለዚህ ነው ራቤል ላይ አጥር ይዤ የቆምኩት።

በማግስቱ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ካህናቱ ፍትሐት ላይ ናቸው። ሰው መጥቷል፤ ብዙ ባይሆንም መጥቷል። ፍትሐቱ አልቆ አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመነሳቱ በፊት ሁሉም ክብ ሠርቶ ቆመ። መሐሉ ባዶ ነው። የሚገባበት ሰው የለም። አንዷ ልትጀምር አፏን ከፈተችና አፍራ ተመለሰች። ያኔ ከአዲስ አበባ የመጣው የወንድማቸው ልጅ ትልቅ ስፒከር ይዞ ወደ መሐል ገባ። ክፋት የለበትም፤ ክብር መስሎት ነው። ስልኩን ነካ ሲያደርገው የእትዬ ደብሪቱ ድምፅ ከመሬቱ ላይ ተነሳ።

ሰው ሁሉ ጮኸ። አንዳንዱ እሳቸው የተነሱ መስሎት ወደ ኋላ ሸሸ። ድምፁ ያምራል፤ ከመድከሙ በፊት እንደነበረው ነው። ስለ ደብሪቱ ያለቅሳል። ከልጇ ከየሺ ጎን ልታርፍ ሄደች፣ አንድ አፈር ለበሱ ይላል። የየሺ አፈር አረብ አገር መቅረቱን እኛ ሁላችን እናውቃለን። «የሺዬ» ሲል ያቺ ትንፋሽ ቁርጥ አለች።

ሄጄ ሽቦውን ነቀልኩት።

«ምን ሆነሃል ሰውዬ?» አለኝ ልጁ። «ለክብሯ ነው እኮ!»

«አደራ አለብኝ» አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ሕዝቡ አጉረመረመ። ለቅሶ ላይ ዝም ማለት እንደ መሳደብ ነው፤ ዝም ያሰኘሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ማን አለቀሰላቸው ይባል? አስከሬኑ እንዲህ ሊነሳ ነው? እዚያው መሐል ስፒከሩ አጠገብ እንደ ቆምኩ ከሴቶቹ ወገን አንዲት ሴት ወጣች። ዓለምነሽ ናት፣ የጋሽ ተሰማ ልጅ። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። እትዬን አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ ጠይቃቸው አታውቅም፤ ሲታመሙም አልመጣችም። ስፒከሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ለእሷ ከሁላችን የምትቀርብ አንተ ነህ» አለችኝ። «ምን ነበረች? እውነቱን ንገረኝ።»

ሰው ሁሉ ይሰማል። የሥራ ባልደረቦቼ አሉ፣ ያ ሰነድ አረጋጋጭ አለ፣ ሚስቴና ልጆቼም አሉ። ደግ ነበሩ ልል አሰብኩ፤ አውራ ጣታቸው ታየኝ።

«ወረቀቱን አላነበብኩላቸውም» አልኩ። «ስድስት ገጽ ነበር፣ አንዱን አንብቤ ሌላውን ያው ነው አልኳቸው። ድምፃቸው የሄደው በእኔ ነው። ዳኛዋ ስትጠይቃቸው እንዳልታሰር ብለው ተነቦልኛል አሉ። በሕይወታቸው የዋሹት እሱን ብቻ ነው። አባትሽ ላይ እሳቸው አላለቀሱም፣ ዓለምነሽ።»

ዓለምነሽ ወደ አስከሬኑ ዞረች። ሙሾ አውርዳ አታውቅም፤ ድምፅዋ ጎርናና ነው፣ የመጀመሪያው ቃል ላይ ተሰነጠቀባት። በሙሾ አንቱታ የለም፤ ሁሉም ሟች እሱ ነው፣ እሷ ነው። እጇን ወደ እኔ ዘርግታ እንዲህ አለች፦

«ወረቀቱን ይዞ ሳያነብ የሰጣት፣
እዚህ ቆሟል ዛሬ ድምጿንም ያሳጣት።»

ሁለተኛውን ስንኝ መቀበል የለቀስተኛው ነው። ሕዝቡ ተቀበለ፣ ደረቱን መታ። እሷ ደገመችው። በሁለተኛው ላይ ሚስቴም ስትቀበል ሰማኋት። በሦስተኛው እኔም እጄን ደረቴ ላይ አሳርፌ ከሕዝቡ ጋር ተቀበልኩ፤ እዚህ ቆሟል ዛሬ፣ ድምጿንም ያሳጣት።